የሚያዩሽን ሳይሆን የምትሄጂበትን እዪ

ውድ ልጆቼ፣

ሞተር ሳይክል በማሰልጠን ሥራ ላይ ኖሬ ሸብቻለሁ። ወንድ ልጅ ሊማር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ፍጥነት ነው። ስንት ይሄዳል? መቼ ወደ ዋናው መንገድ እወጣለሁ? ሴት ልጅ ግን ከማርሹም፣ ማርሽ ለመቀየር በግራ እጅ ከሚጨበጠው ከፍሪሲዮኑም የሚቀድም ጥያቄ ይዛ ትመጣለች። አንዳንዷ በግልጽ ታወጣዋለች፣ አንዳንዷ ዙሪያውን ትዞረዋለች። "ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰውን ተይው" ብሎ መመለስ ይቀላል። እኔ ግን እንዲህ ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። ሰው ይላል። ዞሮ ያያል፣ ይጠቋቆማል፣ አስተያየት ይሰጣል። እኔም ወጣት ሳለሁ ሁሉንም ሰምቼዋለሁ፣ ዛሬም ተማሪዎቼ ሰምተው ይመጣሉ።

መብራት ላይ ስትቆሚ ከጎንሽ ያለው ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "የማን ሞተር ነው?" ይልሻል። የራስሽ ሊሆን እንደሚችል አይመጣለትም። ሌላው "አትፈሪም እንዴ?" ይላል። "ወንዳወንድ" የሚልሽ አይጠፋም። "ጀግና!" ብሎ የሚያጨበጭብልሽም አይጠፋም። ሞተር ላይ ስለወጣሽ ብቻ ስለ ጠባይሽ፣ ስለ አስተዳደግሽ፣ ባል ስለማግኘትሽ ሳይቀር የሚተነብይ ሞልቷል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ያው ሰው ከወንድምሽ ጀርባ ተጭነሽ ብታልፊ ትንፍሽ አይልም። ለደህንነትሽ የሚጨነቅ ቢሆን ኖሮ ነገሩ መገልበጥ ነበረበት። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ፍሬን የለውም። መሪ የለውም። ፊት ለፊት የሚመጣውን እንኳን በደንብ አያይም። ነጂው ሲሳሳት አብሮ ከመውደቅ ውጭ ምርጫ የለውም። የምትነዳው ግን ታያለች፣ ትወስናለች፣ ትቆማለች። ስለዚህ "ሞተር ለሴት አደገኛ ነው" የሚለው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ ስለ አደጋ አይደለም። መሪውን ማን ያዘ የሚለው ነው ያልተዋጠላቸው። ይህን ማወቅ ሸክሙን ያቀላል። የእውነት የሚፈራልሽን ሰው ከሌላው ለመለየትም ይረዳሻል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። የሰው ዓይን ለሴት ሞተረኛ የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአነዳድ ጉዳይም ነው። ሞተር ዓይንሽ ወደሄደበት ይሄዳል። ጉድጓድ ላይ አፍጥጠሽ ከጉድጓዱ ለማምለጥ ብትሞክሪ ትገቢበታለሽ። ኩርባ ላይ ስትደርሺ ዓይንሽን ወደ መውጫው ከላክሽ ግን ጭንቅላትሽ ይዞራል፣ ትከሻሽ ይከተላል፣ ሞተሩም አብሮ ይዞራል። ይህን የሚክድ አሰልጣኝ አታገኙም። እንግዲህ አስቡት። መንገድ ዳር የቆሙ አሥር ሰዎች ሲያዩሽ የአንቺ ዓይን የት ነው የሚሄደው?

አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። ሜዳ ላይ ስምንት ቁጥር ስትሠራ እግሯ መሬት አይነካም። ወደ መንገድ በወጣን በመጀመሪያው ቀን ዳገት ላይ ቆመን መንገዱ እስኪለቀቅ እንጠብቅ ነበር። ዳር ላይ የተኮለኮሉ ወጣቶች ወደ እሷ እያዩ መሳቅ ጀመሩ። ከኋላዋ ሆኜ ግራ እጇን አያታለሁ። ፍሪሲዮኑ ላይ ያሉት ጣቶቿ ደርቀዋል፣ ክርኗ ተቆልፏል። ጭንቅላቷ ቀስ እያለ ወደ ልጆቹ ዞረ። መንገዱ ሲለቀቅ ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ ለቀቀችው። ሞተሩ ዘለል ብሎ ድንገት ተቋረጠ። ሳቁ ጨመረ።

ጎኗ ሄጄ ስለ ልጆቹ አንድም ቃል አልተናገርኩም። "ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለው ምሰሶ ምን ዓይነት ነው?" አልኳት። ቀና ብላ ስታየው ትከሻዋ ወረደ። ቀኝ እግሯን የኋላ ፍሬኑ ላይ አደረገች። ነዳጅ ትንሽ ሰጠች። ፍሪሲዮኑን መንከስ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው ማስተላለፍ፣ እስከሚጀምርበት ድረስ ለቀቀችና እዚያው ያዘችው። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ሲል ፍሬኑን ለቀቀች። ሄደች። እንደዚያ ነው። የሚያሾፍብሽን ሰው በንግግር አታሸንፊውም፣ ማሸነፍም የለብሽም። ዓይንሽን ብቻ ከሱ ውሰጂ።

ደግሞ አደገኛው ማሾፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አድናቆትም ያው ነው፣ አንዳንዴም ይብሳል። "አሳዪያቸው!" ሲሉሽ ነዳጅ መስጠት ያምርሻል። ከጎንሽ ያለው መኪና ክላክስ እየነፋ ሲገዳደርሽ መልስ መስጠት ያምርሻል። ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽሽን ስታዪ ፈገግ ማለት ያምርሻል። በዚያች ሰከንድ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 14 ሜትር ሄደሻል፣ መንገዱን ሳታዪ። ስድብን ተቋቁመው ጭብጨባ ያንገዳገዳቸው ብዙ ሴት ልጆች አይቻለሁ። ለሚጠላሽ ብለሽ ሞተር አታቁሚ። ለሚያደንቅሽ ብለሽም አትፍጠኚ።

ከአድናቆቶቹ ሁሉ የማልወደው አንድ አለ። "እንደ ወንድ እኮ ነው የምትነዳው!" የሚሉት ነገር። ሰዎቹ በቅንነት ነው የሚሉት፣ አውቃለሁ። ከሥሩ ያለው ሐሳብ ግን ሞተር የሚነዳው በጡንቻ ነው የሚል ነው። ይህ ስህተት ነው። ሞተር ፈጠን ሲል ወደ ግራ ለመታጠፍ የግራውን እጀታ በመዳፍሽ ወደ ፊት ገፋ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ሞተሩ ራሱ ወደ ግራ ያዘነብላል። የፊት ፍሬን አብዛኛውን የማቆም ሥራ ይሠራል፣ ምክንያቱም ስትቆሚ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል። እሱም የሚፈልገው ቀስ በቀስ እየጠበቀ የሚሄድ ጣት ነው። ድንገት መጨምደድ ጎማውን ይቆልፈዋል። ይልቁንም ጡንቻን መጠቀም ጀማሪ ወንዶችን ሲያስቸግራቸው አያለሁ፤ መሪውን አንቀው ይይዙትና አልዞር ይላቸዋል።

"አጭር ነኝ" የምትሉኝም አላችሁ። ሁለት እግር ሙሉ በሙሉ መሬት መድረስ የለበትም። የግራ እግርሽ በደንብ ከረገጠ፣ ቀኙ የኋላ ፍሬን ላይ ይሆናል። ለመጀመሪያ ዝቅ ያለ መቀመጫ ያለው፣ ቀለል ያለ ሞተር ምረጪ። ሌላው በጊዜ ይመጣል።

ታሪክ ለምትወዱ ደግሞ ጥቂት ልንገራችሁ፤ ይህ ነገር የዛሬ ፋሽን አለመሆኑን እንድታውቁ ብዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ኦገስታና አዴሊን ቫን ቡረን የተባሉ እህትማማቾች እያንዳንዳቸው በየሞተራቸው አሜሪካን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ አቋርጠዋል። ወደ 8,800 ኪሎ ሜትር፣ አብዛኛው በኮረኮንችና በጭቃ። ዓላማቸው ሴቶች ለጦሩ መልእክት አመላላሽ ሞተረኛ መሆን እንደሚችሉ ማሳየት ነበር። በመንገዳቸው ላይ በአንዳንድ ከተሞች ፖሊስ ያስቆማቸው ነበር። ጥፋታቸው ሱሪ መልበስ ነው፣ የወንድ ልብስ ተብሎ። ጉዞውን ከጨረሱ በኋላ አዴሊን ለጦሩ ስታመለክት አልተቀበሏትም። እንግዲህ የሰው አመለካከት በአንድ ትልቅ ሥራ አይገለበጥም። ይህን የምነግራችሁ ተስፋ እንድትቆርጡ አይደለም። አንዲት ልጅ በአንድ ቀን አነዳዷ የሁሉንም አፍ የማዘጋት ዕዳ የለባትም ለማለት ነው።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1934 መጨረሻ ቴሬዛ ዋላክና ፍሎረንስ ብሌንኪሮን ከለንደን ተነሥተው፣ የሰሃራን በረሃ በሞተር አቋርጠው፣ በ1935 ኬፕ ታውን ገቡ። ዋላክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለእንግሊዝ ጦር መልእክት አመላላሽ ሞተረኛ ሆነች። የቫን ቡረን እህቶች የተከለከሉትን ሥራ ማለት ነው። በኋላም አሜሪካ ሄዳ እንደ እኔ አሰልጣኝ ሆናለች።

እኔ የበለጠ የምወዳት ግን ቢያትሪስ ሺሊንግን ነው። መሐንዲስ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1934 ብሩክላንድስ በተባለው የእንግሊዝ መወዳደሪያ ላይ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነድታለች። ጦርነቱ ሲመጣ የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች አፍንጫቸውን ደፍተው ሲወርዱ ሞተራቸው ይቋረጥ ነበር። ችግሩ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ላይ ነበር። እሷ መሐል ላይ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብረት ነዳጅ መስመሩ ላይ አስገብታ ፈታችው። ይህን የምታውቅ ሴት "እንደ ወንድ ነው የምትነዳው" ስትባል ምን ትል እንደነበር አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ስፔናዊቷ አና ካራስኮ ከወንዶች ጋር ተወዳድራ ሱፐርስፖርት 300 በተባለው የሞተር ሳይክል ውድድር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፣ በአንድ ነጥብ ብልጫ። ሰዓት ሴትና ወንድ አይለይም።

ስለ ልብስ ጠንከር ብዬ ልናገር። ብዙ ሴት ልጆች በሁለት እሳት መሐል ይቆማሉ። ጃኬትና ቦት ሲያደርጉ "ወንድ መሰልሽ" ይባላሉ፣ ቀለል ሲያደርጉት "ለታይታ ነው" ይባላሉ። ሁለቱንም አትስሚ። ልብስሽን የሚመርጠው አስፋልቱ ነው። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ጓንት፣ ወፍራም ጃኬት። ረጅም ሻርፕና የሚንዘላዘል ቀሚስ ካቴናው ውስጥ ወይም ጎማው ውስጥ ይገባል፣ ለነጂም ለተጫነችም። ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ አሳይቷል። ግን በልክሽ ሲሆን ነው። ፀጉርሽን አናትሽ ላይ ሰብስበሽ ካሰርሽው ሄልሜቱ ከፍ ይላል፣ ይላላል። ማጅራትሽ ላይ ዝቅ አድርገሽ ሥሪው። ማሰሪያውን ቆልፈሽ ከኋላ ወደ ፊት ገፍተሽ ሞክሪ። ከወለቀ ያንቺ ልክ አይደለም።

ተከትሎ የሚያስቸግር ሹፌር ካጋጠመሽ አትሽቀዳደሚ። ፍጥነትሽን ቀንሺ፣ ይለፍ። ካላለፈ ወደ ቤትሽ አትሂጂ። ሰው ወደሚበዛበት ቦታ ታጥፈሽ ቁሚ። ይህ ፍርሃት አይደለም።

ቤተሰብን በተመለከተ፣ ተደብቃችሁ አትማሩ። ብዙ አባቶች የሚፈሩት በዓይናቸው ያላዩትን ነው። አባትሽን ማሰልጠኛው ሜዳ ድረስ ይዘሽው ነይ። ድንገት መቆምን ስትለማመጂ ይይሽ። ተቆጥተው መጥተው ስለ ጎማ ነፋስ ሲጠይቁኝ የቆዩ አባቶች አሉ።

አሁን ለወንዶቹ። ወንድሞች፣ ጓደኞች፣ አብራችሁ የምትነዱ፣ ከእናንተ የምጠብቀው ብዙ አይደለም። ሴት ሞተረኛ ስታዩ እንደ ማንኛውም ሞተረኛ ቦታ ስጧት። አትጠጓት። ክላክስ አትንፉ፣ ለሰላምታም ቢሆን፤ እሷ የምትሰማው ማስጠንቀቂያ ነው። አብራችሁ ስትነዱ እሷን መሐል አስገብታችሁ አትጠብቋት። መምራትም ይድረሳት። ሳትጠይቅ ምክር አትስጡ። ጓደኛችሁ ሲያሾፍባት ዝም ማለት ከማሾፉ ብዙም አይለይም።

ሞተሯ ከወደቀ ደግሞ ሮጣችሁ ከእጇ አትንጠቁ። እኔ ለተማሪዎቼ 200 ኪሎ የሚመዝን ሞተር እንዴት እንደሚነሣ አስተምሬያለሁ። መጀመሪያ ሞተሩን ታጠፋለች። በቀኝ ጎኑ ከወደቀ የጎን ማቆሚያውን ቀድማ ታወጣለች፣ ማርሽ ውስጥ ታስገባዋለች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ፣ መቀመጫዋን የሞተሩ ወንበር ጠርዝ ላይ አስደግፋ፣ በአንድ እጇ የመሪውን እጀታ፣ በሌላው ከኋላ ያለውን ብረት ትይዛለች። ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ በእግሯ እየገፋች፣ በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ይነሣል። እናንተ "ላግዝሽ?" ብላችሁ ጠይቁ። "እሺ" ካለች አግዙ። "አይ" ካለች ከኋላ የሚመጣው መኪና አስቀድሞ በሚያያችሁ ቦታ ቁሙና እጃችሁን እያውለበለባችሁ አስቁሙላት።

ከሰላምታ ጋር፣
አሰልጣኛችሁ