ካምፓስ ለምትገቡ ልጆች

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ለምትገቡትና ገብታችሁም ግራ ለተጋባችሁት ነው። እኔ በሥራ ዓለም ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። መሥሪያ ቤታችን አዲስ ተመራቂ ሲቀጥር ቃለ መጠይቅ ከሚያደርጉት አንዱ ነኝ። ደጋግሜ የማየው አንድ ነገር ያሳዝነኛል። ጥሩ ውጤት ያለው ልጅ ይመጣል። "ሥራህን በደንብ የሚያውቅ አንድ መምህር ንገረን" ሲባል ግን ዝም ይላል። ያን ሁሉ ዓመት ክላስ ገብቶ ሲወጣ ስሙን እንኳ የያዘለት መምህር የለም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምላችሁ፣ መምህራኖቻችሁ ቢሮ ሂዱ። ያውም በመጀመሪያው ሴሚስተር። ብዙ መምህራን ተማሪ የሚያነጋግሩበትን ሰዓት በራቸው ላይ ይለጥፋሉ፤ በዚያ ሰዓት ግን የሚያንኳኳ አይኖርም። ኮሪደሩ የሚሞላው ፋይናል ካለፈ በኋላ ነው፤ ያኔ የሚመጣው ሁሉ ስለ ማርክ ሊከራከር ነው። እናንተ ቀድማችሁ ሂዱ። ስትሄዱም ባዶ እጃችሁን ገብታችሁ "ምንም አልገባኝም" አትበሉ። የሞከራችሁትን ጥያቄ ይዛችሁ "እስከዚህ ሠራሁ፣ እዚህ ጋ ያዘኝ" በሉ። እንዲህ የሚመጣን ተማሪ ፊት የሚነሳ መምህር ጥቂት ነው። አንዱ ፊት ቢነሳችሁም ሌላው አለ።

ዓይን አፋር የሆናችሁ ልጆች ይህ እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ። ከጓደኛ ጋር ሁለት ሆናችሁ ግቡ። አምስት ደቂቃም ይበቃል። መምህሩ ለምርምሩ ረዳት ሲፈልግ ፊቱ ላይ የሚመጣለት ያወቀው ልጅ ነው። ለስኮላርሺፕ የድጋፍ ደብዳቤ ስትጠይቁም ያው ነው። ስለማያውቀው ተማሪ ሊጽፍ የሚችለው ውጤቱን ብቻ ነው፤ ውጤቱ ደግሞ ትራንስክሪፕቱ ላይ አለ።

"ፍሬሽ ላይ ዘና ልበል፣ በኋላ አነሳዋለሁ" የሚል ሐሳብ ካላችሁ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የአራት ዓመት ትምህርት ነው፣ በየዓመቱም እኩል ክሬዲት አለ እንበል። ሦስቱን ዓመት በ2.4 የጨረሰ ተማሪ በመጨረሻው ዓመት ሁሉንም ኮርስ ኤ ቢያመጣ እንኳ አጠቃላይ ውጤቱ 2.8 ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ በ2.4 የጨረሰ ግን በቀሩት ሦስት ዓመታት በአማካይ 3.2 ካመጣ 3.0 ይዞ ይመረቃል።

አጠናንን በተመለከተ ብዙ ልጅ ይደክማል እንጂ አይሰንፍም። ሃንድአውቱን አምስቴ ያነባል፣ ያሰምርበታል፣ ፈተና ላይ ይጠፋበታል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት አለ። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አነበቡ። ከዚያ አንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡት፣ ሌላውን ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፦ ደግመው ካነበቡት 42 በመቶውን፣ ሳያዩ ከጻፉት 56 በመቶውን አስታወሱ። ኖታችሁን ዝጉና ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። የጎደለውን ከፍታችሁ ሙሉ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ድገሙት። ያስጨንቃል፣ ግን ለፋይናል ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ከማደር ያድናችኋል። እንቅልፍ ደግሞ የተማራችሁት እንዲጸናላችሁ የሚረዳ ነገር ነው፤ አትቀንሱበት።

ጓደኛን በሚመለከት አጭር ነገር ልበል። ከዶርማችሁና ከዲፓርትመንታችሁ ውጭም ሰው እወቁ። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው የሶሺዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፉ፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል አብዛኞቹ ወሬውን የሰሙት አልፎ አልፎ ብቻ ከሚያገኙት ሰው መሆኑን አሳይቷል። የቅርብ ጓደኛችሁ የሚያውቀውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ክበብ ግቡ፣ የሌላ ዲፓርትመንት ሴሚናር ላይ ተቀመጡ።

በመጨረሻ፣ የተማሪ መመሪያውን አንብቡ። ማንም አያነበውም፤ ኮርስ ድሮፕ የሚደረግበት ቀን፣ ዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ) የሚሞላበት አሠራር፣ የቅሬታ ጊዜ ሁሉ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው። ብትታመሙ፣ ቤተሰብ ላይ ችግር ቢደርስ፣ ወይም ብቸኝነቱ አላስተኛ ቢላችሁ ዶርም ተኝታችሁ ክላስ አትቅሩ። የተማሪ አማካሪ ካለ ሂዱና ንገሩት፤ ለሬጅስትራርም ቀኑ ሳያልፍ አሳውቁ።