መልስ፦ ልጄ በስፕሪንግ ብሬክ ቤት ልትሠራ ትሂድ?

እህቴ፣ ልጅሽ በስፕሪንግ ብሬክ፣ ማለትም በኮሌጁ የጸደይ እረፍት፣ ከኮሌጅ ጓደኞቿ ጋር ለበጎ ፈቃድ ቤት ልሥራ ብላሽ «ከፍላ መድከም ምን የሚሉት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ብሆን እለቃታለሁ።

ነገሩ እዚህ አሜሪካ የቆየ ነው። ሀቢታት ፎር ሂውማኒቲ የተባለው ቤት የሚሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት ተማሪዎችን በእረፍታቸው ቤት የሚያሠራበትን ፕሮግራም የጀመረው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ በ2005 የኒው ኦርሊንስን ከተማ ካጥለቀለቀች በኋላም፣ በቀጣዩ ማርች ስንቱ ተማሪ የባሕር ዳርቻ መዝናናቱን ትቶ እዚያ ወረደ። ሥራው ፎቶ ላይ አያምርም። አፍንጫን በማስክ ሸፍኖ የሻገተ ግድግዳ መፈንቀል፣ በጋሪ እያወጡ መንገድ ዳር መከመር። ፍሪጁማ ከነበሰበሰው ምግብ በቴፕ ተጠቅልሎ ነበር የሚወጣው። ማን ይከፍተዋል!

ክፍያው በአብዛኛው ለትራንስፖርት፣ ለምግብና ለማደሪያ ነው። ማደሪያ ሲባል ሆቴል እንዳይመስልሽ፤ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወለል ሊሆን ይችላል። ኮሌጁ ድጎማ ካለው ትጠይቅ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ዓይነቱ ጉዞ ነው። ለአንድ ሳምንት ውጭ አገር ሄደው የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ «እናግዝ» የሚሉት ከሆነ ይቅርባት። ሕፃናቱ አንዱን ለመድነው ሲሉ ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል። ግንባታ ግን እሷ ያቆመችውን ቀጣዩ ቡድን ይጨርሰዋል።

ከመሄዷ በፊት ማን እንደሚመራቸውና ኢንሹራንስ እንዳላቸው አጣሪ። ጠንካራ ጫማም ግዢላት፤ ሚስማር በተበተነበት ግቢ በስኒከር አይገባም።