የቤት ዋይፋይ፦ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወልዲያ የጠየቃችሁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ቤት ኢንተርኔት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎርፏል። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞሩ መስመር መዘርጋትና ራውተር ማስተካከል ስለሆነ የምመልሰው በየቀኑ ከማየው ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት «ፍጥነት ልጨምር ወይ?» ብላችሁ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ከውጭ የሚገባው መስመር ላይ አይደለም፣ ቤት ውስጥ ነው። ብር ከማውጣታችሁ በፊት እሱን እንይ።

ጥያቄ፦ ደሴ ሆጤ አካባቢ ነኝ። ፋይበር ላስገባ ወይስ የሲም ካርድ ራውተር ገዝቼ ልገላገል?

ፋይበር (በቀጭን የብርጭቆ ገመድ የሚገባው መስመር) ሰፈርህ ከደረሰ ሌላ አታስብ። መድረሱን ለማወቅ ያስገባ ጎረቤት ጠይቅ፣ ወይም ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውል። የቤት ብሮድባንድ የሚከፈለው በፍጥነቱ ነው፣ ዳታ አይቆጥርም። ልጆች ዩቲዩብ ከፍተው ቢውሉም የወሩ ክፍያ ያው ነው።

የሲም ራውተር የሚያዋጣው ተከራይ ከሆንክና ዛሬ ነገ ቤት የምትቀይር ከሆነ፣ ወይ ፋይበር ያልደረሰበት ሰፈር ካለህ ነው። ነቅለህ ይዘኸው ትሄዳለህ። ግን ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ የሰፈሩን የኔትወርክ ማማ ስለሚጋራው ፍጥነቱ ይወርዳል። ያልተገደበ ፓኬጅ ካልያዝክ ደግሞ መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ ብቻ በሰዓት ወደ 1 ጊጋባይት ይበላብሃል፣ ጥራቱ ከፍ ካለ ከዚያም በላይ።

ጥያቄ፦ 10 ሜጋ ነው የምከፍለው፣ ፊልም ሳወርድ ግን 1.2 ነው የሚያሳየኝ። ተበላሁ እንዴ?

አልተበላህም። መስመር የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፣ ስታወርድ የሚታይህ ሜጋባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ነው። 10 ለ8 ሲካፈል 1.25 ይሆናል፣ ስለዚህ የከፈልክበትን እያገኘህ ነው።

ጥያቄ፦ ራውተሩ ሳሎን ነው ያለው። ጓዳና ጊቢ ውስጥ ያለው ሰርቪስ ቤት ግን ምንም አይደርስም። ፓኬጁን ከፍ ባደርገው ይደርሳል?

አይደርስም እህቴ! ፓኬጅ ከፍ ማድረግ የሚገባውን ይጨምራል እንጂ ግድግዳ አያሻግርም። በቅርቡ ያየሁትን ልንገርሽ። ሰዎቹ ኢንተርኔቱ ሞቷል ብለው ጠሩኝ። ራውተሩ ቡፌ ውስጥ ነበር፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል ለብሶ። ነክቼ ሳየው ግሏል። ከዚያ አውጥቼ ኮሪደሩ ላይ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ ሰቀልኩት። ፓኬጁ ሳይነካ ጓዳ ድረስ ደረሰ።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦታውን ቀይሪ። ወደ ቤቱ መሀል፣ ከፍ ያለ ቦታ፣ ምንም ሳይሸፈን። ከፍሪጅ፣ ከትልቅ መስታወትና ከውሃ ሮቶ አርቂው፣ ብረትና ውሃ ሲግናል ይበላሉ። አንቴና ካለው ቀጥ አድርገሽ አቁሚው፣ ሲግናሉ ወደ ጎን ነው የሚሰራጨው። የኛ አገር ቤት ደግሞ ፈታኝ ነው፤ የድሮው የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ወፍራም ነው፣ በቆርቆሮ የተሠራ ክፍል ደግሞ ሲግናሉን መልሶ ነው የሚልከው።

ሌላው፣ ራውተርሽ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚባሉ ሁለት ሞገዶች ካሉት 5ቱ ፈጣን ነው ግን ግድግዳ ይፈራል። ሳሎን ላለው ቲቪ 5ቱን፣ ለጓዳ 2.4ቱን ተጠቀሚ። ሰፈሩ በዋይፋይ የተጨናነቀ ከሆነ በ2.4ቱ ላይ ቻናሉን ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ባዶ ወደሆነው ቀይሪው። እነዚህ ሦስቱ ናቸው እርስ በርስ የማይረባበሹት።

ለሰርቪስ ቤቱ ግን ከልቤ የምመክርሽ ኬብል ነው። ብዙ ሰው ሪፒተር (ዋይፋዩን ተቀብሎ ወደ ሌላ ክፍል የሚያስተላልፍ ዕቃ) ይገዛል። ርካሹ ሪፒተር በአንድ ሞገድ ተቀብሎ በዚያው ስለሚልክ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሰዋል። ሲግናል የማይደርስበት ቦታ ከሰካሽው ደግሞ የሚያስተላልፈው ነገር የለውም። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል፣ ለየትኛውም ጊቢ ይበቃል። ጫፉ ላይ ሥራ የፈታ ራውተር ካለሽ እሱን አክሰስ ፖይንት (በኬብል የመጣውን በዋይፋይ የሚያሰራጭ) አድርጎ መሰካት ነው። እሱ ላይ ዲኤችሲፒ የሚባለውን፣ ለስልኮቹ አድራሻ የሚሰጠውን፣ ማጥፋት እንዳትረሺ፣ አለዚያ ሁለቱ ራውተሮች አድራሻ በመስጠት ይጋጫሉ።

ጥያቄ፦ ደሴ ጦሳ ተራራ ስር ነው ቤቴ። የሲም ራውተሩ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ይበራል፣ እኔ ጋ ይንፏቀቃል። ራውተሩ ነው?

ራውተሩ አይደለም፣ መሬቱ ነው። ኮምቦልቻ ሜዳው ይበዛል። ደሴ ተራራና ገደል ስለሆነ ማማውና ቤትህ ካልተያዩ ይከብዳል። እዚያው ቤት ውስጥ ብዙ ማድረግ ግን ትችላለህ። በስልክህ አሳሽ 192.168.8.1 ወይም 192.168.1.1 ብለህ ግባ (ትክክለኛው ከራውተሩ ስር ተጽፏል)። አርኤስአርፒ የሚል ቁጥር ፈልግ፣ ከማማው የሚደርስህን የሲግናል ጥንካሬ ነው የሚያሳየው። ከዜሮ በታች ነው የሚጻፈው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። -85 አካባቢ ከሆነ ምንም አትልም፣ -110 ከደረሰ ግን ቦታ ቀይር። ራውተሩን ይዘህ ከመስኮት መስኮት እየዞርክ ቁጥሩን እይ፣ ፎቅ ካለ ወጥተህ ሞክር።

ገና ያልገዛችሁ ደግሞ ሳትገዙ በፊት የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ሲም ስልክ ላይ አድርጋችሁ እዚያው ቤት ውስጥ ማታ ላይ ሞክሩ። የጎረቤት ከተማ ምስክርነት እዚህ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ወልዲያ ነኝ። እንጀራ መጋገር ስንጀምር ዋይፋዩ ጠፍቶ ይመጣል። ምን አገናኛቸው?

ምጣዱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብ መስመሩ ደካማ ከሆነ የቤቱ ቮልቴጅ ይወርዳል፣ ራውተሩ ደግሞ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ምጣዱ ሲበራ አምፖሉ ደብዘዝ የሚል ከሆነ ይሄው ነው። ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ ለምጣዱ የራሱን መስመር አስዘርጉ፣ ለቤቱም ደህንነት ነው። እስከዚያው ለራውተር ተብላ የምትሸጠው ትንሽዬ ዩፒኤስ (ባትሪ ያላት ኃይል መያዣ) ትገላግላችኋለች፣ መብራት ሲጠፋም ታቆያችኋለች። አስማሚው ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አይታችሁ ግዙ። ብዙው 12 ቮልት ነው፣ 9 የሆነም አለ፣ ተሳስቶ የተሰካ ራውተር ሊቃጠል ይችላል። የፋይበር ሳጥኑና ራውተሩ ለየብቻ ከሆኑ ሁለቱም ዩፒኤሱ ላይ መሰካት አለባቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ልጆቼ ውጭ አገር ናቸው፣ በቪዲዮ ነው የማያቸው። ከትናንት ጀምሮ ሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ እምቢ አለኝ።

እማማ፣ አብሽሩ። ከቀዩ መብራት አጠገብ ኤልኦኤስ የሚል ጽሑፍ ካለ፣ የፋይበሩ ብርሃን ሳጥኑ ጋ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ከጀርባው የገባችውን ቀጭን ገመድ ይዩልኝ፣ በር አጥፏት ወይም ዕቃ ተጭኗት ሊሆን ይችላል። ውስጧ ብርጭቆ ስለሆነ መታጠፍ አትወድም፣ ዘርጋ ያድርጓት። ከዚያ ሳጥኑን አጥፍተው ያብሩት። አሁንም ቀይ ከሆነ ውጭ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ 994 ያስደውሉ። ገመዷን ነቅሎ ጫፏን በዓይን ማየት ግን አይገባም፣ ብርሃኑ ባይታይም ዓይን ይጎዳል። ለልጆቹም አይፍቀዱ።

ጥያቄ፦ ተከራዮች አሉን፣ ፓስወርዱን ሰፈሩ ሁሉ አወቀው። ምን ላድርግ?

የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይር፣ ከደህንነት ዓይነቶቹ ደብሊውፒኤ2 ወይም 3 ምረጥ፣ ደብሊውፒኤስ የሚለውን (ያለ ፓስወርድ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያስገባውን) አጥፋ። የራውተሩን የውስጥ ገጽ ፓስወርድም ቀይር፤ ከፋብሪካ እንደመጣ ከተተወ የገባ ሁሉ ያዝበታል። ለተከራዮች ጌስት ኔትወርክ (ለእንግዳ የሚሆን የተለየ ዋይፋይ) ክፈትላቸውና የራሳቸው ፓስወርድ ይኑራቸው። እነሱ ሲለቁ የእነሱን ብቻ ትቀይራለህ፣ የቤተሰቡን ስልክ ሁሉ እንደገና ማስገባት የለም።

ጥያቄ፦ ሌሊት ራውተር ማጥፋት ግድ ነው?

ግድ አይደለም።

ጥያቄ፦ በክረምት መብረቅ ሲመታስ?

ያኔ ንቀሉት። በተለይ በድሮው የስልክ መስመር ኤዲኤስኤል የምትጠቀሙ፣ ሽቦው መዳብ ስለሆነ መብረቁ በእሱም በኩል ይገባል፤ የመብራቱን ሶኬት ብቻ መንቀል አይበቃም፣ የስልኩንም ገመድ ንቀሉ። ፋይበር ያላችሁ ብርጭቆው ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ሶኬቱን መንቀል ይበቃችኋል።