ሽማግሌዎቹ ያልተስማሙበት የምሥረታ ዓመት

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የአንዲት ወንጌላዊት አጥቢያ የታሪክ ኮሚቴ ነን። ለ50ኛ ዓመት በዓል የሚታተም ታሪክ እያዘጋጀን ነው። አንድ ሽማግሌ አጥቢያዋ በ1965 ተመሠረተች ይላሉ፣ ሌላው በ1968፤ ከዋናው ቢሮ የተጻፈው ደብዳቤ ደግሞ 1984 ይላል። ከደርግ ዘመን ቃለ ጉባኤ የለንም። የትኛውን እንያዝ?

መልስ፦ ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ጸሎት በመኖሪያ ቤት የተጀመረበትን፣ ሌላው የመጀመሪያው ጥምቀት የተካሄደበትን፣ ደብዳቤው ደግሞ እውቅና የተሰጠበትን ዓመት እየቆጠሩ ይሆናል። ስለዚህ «መቼ ተመሠረተች?» ብላችሁ አትጠይቁ። መጀመሪያ የተሰበሰባችሁት በማን ቤት ነው? መጀመሪያ የተጠመቀው ማን ነው፣ የትኛው ወንዝ? ሽማግሌዎች የተመረጡት መቼ ነው? እያንዳንዱን ለየብቻ ጠይቁ። ሰዎቹንም አንድ ላይ አታስቀምጧቸው፤ ታላቁ ከተናገሩ በኋላ ሌላው «እሳቸው እንዳሉት ነው» ይላል፣ ጨዋነት ታሪኩን ይበላዋል።

ዓመቱ የጠፋበትን ሰው ከማይረሳው ነገር አስጠጉት፦ ከዕድገት በኅብረት ዘመቻ በፊት ነው በኋላ? ቀበሌ ተቋቁሞ ነበር? የ77ቱ ድርቅስ?

ስብሰባው ራሱ በሚያሳስርበት ጊዜ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጥቂት ነው፤ ወረቀቱን ሌላ ቦታ ፈልጉ። ከሁሉ የሚበልጠው የአባልነት መሸኛ ደብዳቤ ነው። በሥራ ወይም በትዳር አዲስ አበባ የገባ ምዕመን መሸኛውን ለተቀባይዋ አጥቢያ ስለሚሰጥ፣ እናንተ ዘንድ የጠፋው እዚያ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል፤ ቀኑ፣ የፈራሚው ስም፣ አንዳንዴም ማኅተሙ ሳይቀር። የመጽሐፍ ቅዱስ የውስጥ ሽፋንንና የፎቶ ጀርባንም ገልብጡ። አጥቢያዋ የራሷን የመቃብር ቦታ ለማግኘት ለማዘጋጃ ቤት የተጻፈ ማመልከቻ ካለ ወርቅ ነው፣ ቀን አለውና። የድሮ ወረቀት ላይ ስትፈልጉ አውራጃውን በድሮ ስሙ አስቡት፤ ደብረ ብርሃን የተጉለትና ቡልጋ ነበረች።

ያገኛችሁትን ላሚኔት አታድርጉ፣ በፕላስተርም አትጠግኑ፤ ሙቀቱ ወረቀቱን ይጎዳል፣ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ደብዳቤ በ300፣ ፎቶ በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ) ስካን ይበቃል፤ ጀርባውንም ጨምሩ።

ብዙ የበዓል መጽሔት የሚበላሸው በቀን ልወጣ ነው። የሚሲዮናውያን ደብዳቤ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ሁልጊዜ 7 መቀነስ ያሳስታል። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ከፈረንጁ ዓመት 7 ቀንሱ፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። ለምሳሌ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተችው ጃንዋሪ 21 ቀን 1959 ነው፤ 7 የቀነሰ 1952 ይጽፋል፣ ትክክለኛው ጥር 13 ቀን 1951 ነው።

በሽፋኑ ላይ አንድ ዓመት ማውጣት ግድ ከሆነ፣ «ጸሎት በቤት የተጀመረበት» ወይም «የመጀመሪያው ጥምቀት» ብላችሁ ከሥሩ ጻፉ። የእኛ ምርጫ ሽማግሌዎች የተመረጡበት ነው፣ አጥቢያ እንደ አጥቢያ የቆመችው ያኔ ነውና። በእስር ስላለፉ ሰዎች ስትጽፉ የራሳቸውን ወይም የቤተሰባቸውን ፈቃድ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ታሪካችንን አንኮበር ከነበረው ከጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ከክራፍ እንጀምር?

መልስ፦ አይሆንም። ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ በ1831 ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደርሶ በ1834 ከሸዋ ወጥቷል፤ ከእሱ እስከ እናንተ የተያያዘ ማኅበር የለም። መግቢያው ላይ ሁለት መስመር ይበቃዋል። ይልቅ የ1936ቱን የሚሲዮኖች ድንጋጌ ጥቀሱ። የኦርቶዶክስ ምዕመናን በሚበዙባቸው አካባቢዎች ሚሲዮኖች ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት እንጂ ስብከት አልተፈቀደላቸውም ነበር። በእንዲህ ያሉ ከተሞች የመጀመሪያዎቹን አማኞች ከሰባኪ ይልቅ ተዛውረው ከመጡ አስተማሪዎች፣ ነርሶችና ተማሪዎች መካከል መፈለግ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ቃለ መጠይቁንም ከእነሱ ጀምሩ።