ዜናው እናንተ ጋ ሲደርስ ዋጋው ሄዷል

ስልካችሁ ላይ «የእንትን ኩባንያ ትርፍ ጨመረ» የሚል ዜና ብልጭ ሲል አክሲዮኑን ለመግዛት ጣታችሁ ወደ «ግዛ» እንዳይሮጥ። የኔ ሮጦ ስለማውቅ ነው።

የሌሊት ሺፍት ጨርሼ ባስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። የአክሲዮን ገበያው ሊከፈት ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። አንድ ኩባንያ ከተጠበቀው በላይ እንዳተረፈ አነበብኩና በማርኬት ኦርደር አዘዝኩ፤ «በተገኘው ዋጋ ግዙልኝ» እንደማለት ነው። የተገኘው ዋጋ ከትናንቱ መዝጊያ በጣም ከፍ ያለ ሆነ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከጭማሪው ግማሹ ረገፈ። ለካ ሪፖርቱ የወጣው ትናንት ማታ ገበያው እንደተዘጋ ነው። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ሌላው አንብቦ፣ አስልቶ፣ ዋጋውን አስተካክሎ ጨርሷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይሄን።

ትልልቅ ኩባንያዎች የሩብ ዓመት ውጤታቸውን በብዛት የሚያወጡት ገበያው ከመከፈቱ በፊት ወይም ከተዘጋ በኋላ ነው። በሩ ሲከፈት ዋጋው አዲሱ ቦታ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።

ደግሞ ጥሩ ዜና ማለት ጥሩ ዋጋ ማለት አይደለም። ገበያው የሚመዝነው ዜናውን ከጠበቀው ጋር አስተያይቶ ነው። የፌስቡክ ባለቤት ሜታን እንይ። በ2021 የመጨረሻ ሦስት ወራት ብቻ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ አተረፈ። ይህን ባሳወቀ ማግስት፣ በፈረንጆቹ የካቲት 3 ቀን 2022፣ አክሲዮኑ 26 በመቶ ወደቀ። የፌስቡክ ዕለታዊ ተጠቃሚዎች ቀንሰው ነበር፤ ለቀጣዩ ሩብ ዓመት የሰጠው ግምትም ከተጠበቀው አነሰ። ትርፉን ብቻ ያየ ሰው ምን እንደመታው አያውቅም።

ስለ ግብይት መጠንም ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዊልያም ቢቨር የተባለ ምሁር በ1968 ባወጣው ጥናት የዓመት ትርፍ በሚታወጅበት ሳምንት የሚገበያየው አክሲዮን ከሌላው ጊዜ በአንድ ሦስተኛ ያህል እንደሚበልጥ አሳይቷል። እኛ ይህን ስናይ «ሕዝቡ እየገዛ ነው» እንላለን። ግን እያንዳንዷ የተገዛች አክሲዮን የሸጣት ሰው አለ። ያው ዜና ነው፤ አንዱ አንብቦ ገዛ፣ ሌላው አንብቦ ሸጠ። መጠኑ ሲያብጥ ሰዎች እንዳልተስማሙ ነው የምረዳው። እናንተ ከሸጠላችሁ ሰው የተሻለ ምን አውቃችሁ ነው? እኔ ባሱ ውስጥ ምንም አላውቅም ነበር።

ከሁሉ የሚብሰው አሮጌ ዜና ነው። በፈረንጆቹ መስከረም 8 ቀን 2008 ዩናይትድ አየር መንገድ መክሰሩን የሚናገር ጽሑፍ በኢንተርኔት ተሰራጨ። አክሲዮኑ በደቂቃዎች ውስጥ ከ12 ዶላር ገደማ ወደ 3 ዶላር ወረደ። ጽሑፉ ግን የ2002 ነበር! ስድስት ዓመት ያረጀ። ግብይቱ ቆሞ ኩባንያው ካስተባበለ በኋላ ዋጋው ወደ 11 ዶላር ተጠግቶ ዋለ። በ3 ዶላር የሸጠውን ሰው አስቡት።

ስለዚህ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ ቀኑን ፈልጉ። የአሜሪካ ኩባንያ ከሆነ ኤድጋር የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ዋናውን ሰነድ በነጻ ታገኛላችሁ። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት፣ ገዢና ሻጩ ጥቂት የሆነ ትንሽ ኩባንያ ከሆነ ደግሞ እለፉት። አውርቶ ዋጋ የሚያንረው ሰው ራሱ የሚሸጥበትን ጊዜ ነው የሚጠብቀው።

መግዛት ካለባችሁም ሊሚት ኦርደር ተጠቀሙ፤ «ከዚህ ዋጋ በላይ አልገዛም» ማለት ነው። ገበያው እንደተከፈተ ያሉትን ደቂቃዎች አሳልፉ፤ ዜና ባለበት ቀን ገዢ የሚሰጠውና ሻጭ የሚጠይቀው ዋጋ ያኔ ይራራቃል። ደግሞ አትቸኩሉ። ያልተጠበቀ ጥሩ ውጤት ካወጡ ኩባንያዎች አንዳንዶቹ ዋጋቸው ለሳምንታት ቀስ እያለ ሲጨምር መታየቱ በጥናት የታወቀ ነው፤ ትልልቆቹ ላይ እየደከመ መጥቷል እንጂ።

እኔ አሁን ከሺፍት ስወጣ አክሲዮን የምገዛበትን የብሮከሩን አፕ አልከፍትም። መጀመሪያ እተኛለሁ።