ሊሾው ደርቋል ወይስ ደረቅ መስሏል?

ቤት ጨርሳችሁ ወለል ልታስነጥፉ ያሰባችሁ ጥያቄያችሁን ላኩ ብዬ ነበር፤ ከመጡት የተወሰኑትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ሊሾው ከተሠራ ሦስት ሳምንቱ፤ ላዩ ነጭ ብሎ ደርቋል። ላሚኔት ላስነጥፍ?

መልስ፦ አይ፣ ቆይ። የመጀመሪያውን ሳምንት ውሃ ስታጠጣው ከርመሃል፤ ስለዚህ መድረቅ ከጀመረ ገና 14 ቀኑ ነው። የሙያው ግምት ለአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ቀን ነው፤ 5 ሴንቲ ከሆነ 50 ቀን ማለት ነው፣ ከዚያ በላይ ከወፈረ ደግሞ ይብሳል። ይህም መስኮት ተከፍቶ፣ ፀሐይ ሲኖር ነው። በሐምሌ ይህን ቁጥር እርሳው። ላዩ የነጣው ነፋስ ስለነካው ነው፤ የታችኛው ውሃ ገና እየወጣ ነው። ስትሸፍነው መውጫ ያጣና ከላሚኔቱ ሥር ይቀመጣል። እኔም በጀማሪነቴ በክረምት ያነጠፍኩት ፓርኬ እንደ ጀልባ ጎብጦ በራሴ ወጪ ነቅያለሁ።

ጥያቄ፦ የእርጥበት መለኪያ የለንም። በምን እንወቅ?

መልስ፦ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ አንጥፉና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉ። ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ይሁን፤ አንዱን መታጠቢያ ቤቱ አጠገብ፣ ሌላውን መሐል ላይ። ቢያንስ 16 ሰዓት ካደረ በኋላ ሲገለጥ ጤዛ ካለ ወይም ሊሾው ከጠቆረ እርጥብ ነው። ግን ልብ በሉ፦ ጤዛ አለመኖሩ ደረቅ ነው ማለት አይደለም። ለፓርኬ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ መሣሪያ ያለው ሰው ፈልጉ። ሊሾው ተበስቶ፣ ከውፍረቱ 40 በመቶ ጥልቀት ላይ በቀዳዳው ውስጥ ያለው የአየሩ እርጥበት ይለካል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባሕር ዳር ነው ቤቴ። ሊሾው ከተሠራ ዓመት አልፎታል፣ ግድግዳው ሥር ግን አሁንም ይረጥባል።

መልስ፦ እህቴ፣ ዓመት ካለፈው የሊሾው ውሃ አይደለም። መጀመሪያ ቧንቧውን ሁሉ ዝጊና ቆጣሪውን ተመልከቺ፤ ከዞረ የሚያፈስ አለ። ካልዞረና በክረምት የሚብስ ከሆነ ከመሬት ወይም ከውጭ የሚሰርግ ነው፤ ጣና ዳር ውሃው ቅርብ ነው፣ ከወለሉ ሥር ላስቲክ ሳይደረግ ተሞልቶም ይሆናል። የዝናቡን ውሃ ከመሠረቱ የሚያርቅ ቦይ አሠሪ። እስከዚያ እንጨት አታስቢ።

ጥያቄ፦ ከእርጥበት ሌላ ምን ልይ?

መልስ፦ በመዶሻ ጀርባ ቀስ እያልክ ምታው፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከሥሩ ለቅቋል። በሚስማር ጫረው፤ ዱቄት እየሆነ ከተነሣ ሲሚንቶው አንሷል ወይም ቶሎ ደርቋል፣ ሙጫ አይዝም። ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ አስተኛበት፤ ለላሚኔት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት አልወድም። ዋልካ አፈር ላይ ከሆንክና ወለሉ ከተሰነጠቀ ስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክትና ቀን ጻፍ፤ ስንጥቁ ከምልክቱ ካለፈ ወለሉ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው።

ጥያቄ፦ ከሰል አንድደን ብናደርቀውስ?

መልስ፦ በጭራሽ! የከሰል ጭስ በዝግ ቤት ሰው ይገድላል። ሊሾውም ላዩ ብቻ ቶሎ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ መስከረም መጨረሻ ላይ 5 ሴንቲ ብናሠራ ፓርኬው መቼ ይደርሳል?

መልስ፦ ለገና አስቡት። መለኪያውን ግን ኅዳር መጨረሻ ላይ አስመጡ።