የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንቶች ከየት ይመጣሉ? ከሆስፒታል ውጭስ እንዴት ይኖራሉ?

በአምቡላንስ ባለሙያነት ሠርተው ዘግይተው ሕክምና መማርዎ በድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንሲ (ሐኪሞች ሬዚደንት ተብለው በሆስፒታል እየሠሩ ስፔሻሊስት ለመሆን በሚሠለጥኑበት ጊዜ) እንግዳ ያደርግዎት እንደሆነና ለቤተሰብ የሚተርፍ ጊዜ ይኖር እንደሆነ ጠይቀዋል። እንግዳ አይሆኑም፤ በዚህ ዘርፍ ቀድሞ ነርስ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ወይም ወታደር የነበረ ሬዚደንት ብርቅ አይደለም። በጠባብ ደረጃ በሽተኛ ተሸክሞ የወረደ ሰው፣ ፓራሜዲኩ (የአምቡላንስ ባለሙያው) ቃሬዛውን እየገፋ የሚሰጠውን አጭር ሪፖርት ሳያቋርጥ ማዳመጥን አስቀድሞ ያውቃል፤ ይህ ደግሞ በመጻሕፍት ብቻ የሚገኝ ችሎታ አይደለም።

ስለ ጊዜ ያነሡት ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይሻል። ለምሳሌ በአሜሪካ የሥልጠና ደንብ መሠረት የሬዚደንቶች አጠቃላይ ጣሪያ በሳምንት 80 ሰዓት ሲሆን፣ የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንት ግን በድንገተኛ ክፍል በሽተኛ የሚያይበት ሰዓት በሳምንት ከ60፣ አንድ የሥራ ተራም (ፈረቃ) ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ተወስኗል። ስለዚህ በእኔ እምነት የሚከብደው የሰዓቱ ብዛት ሳይሆን መዘበራረቁ ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት ነፃ ሆነው ቅዳሜ ሌሊት ተረኛ ሲሆኑ፣ ሠርግም ሆነ የልጅ ልደት በፕሮግራም ሳይሆን በተራ መለዋወጥ የሚገኝ ነገር ይሆናል። (ሰው የማይበዛበት መዋኛ ገንዳ ለሚወድ ሰው ግን የማክሰኞ ጠዋት ዕረፍት ቀላል ስጦታ አይደለም።)

የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ ከመጎተት ይልቅ ወደ ፊት መገፋትን በቀላሉ ስለሚለምድ፣ ፕሮግራም ሲመርጡ ተራው ከጠዋት ወደ ማታ፣ ከማታ ወደ ሌሊት የሚሄድ መሆኑን፣ ከሌሊት ተራ በኋላም ስንት ቀን ዕረፍት እንደሚሰጥ በሥልጠና ላይ ያሉትን ሬዚደንቶች ይጠይቁ።